አንድ ግቢ፣ አራት ወራሽ፣ ሁለት ሽምግልና፦ የጎንደር አንድ የውርስ ጉዳይ

ወረቀቱ አንድ ገጽ ተኩል ነው። በእጅ የተጻፈ ነው፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይጀምራል፣ ከግርጌው አምስት ሽማግሌዎችና ሁለት ባለጉዳዮች ፈርመውበታል። ጎንደር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሳያይ አይቀርም። ወንድምና እህት በእናታቸው ቤት ምክንያት ተጣልተው እንደነበር፣ በሽማግሌ እንደታረቁ ይናገራል። ታላቅ ወንድም ዋናውን ቤትና መንገድ ዳር ያሉትን ሱቆች ይይዛል። እህት ጓሮ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ «ትኖርበታለች»። ስምምነቱን ያፈረሰ 20,000 ብር ይቀጣል።

ወረቀቱ በተፈረመ ዓመት ሳይሞላ እህትየው ፍርድ ቤት ክስ መሠረተች። ያ ወረቀት ለምን እንዳልያዘ፣ ከክሱ በኋላ የተደረገው ሁለተኛው ሽምግልና ደግሞ ለምን እንደያዘ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ሥራ ነው። ቤተሰቡ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስም፣ ሰፈርና ሰው ሊለይባቸው የሚችል ዝርዝር ግን ወጥቷል ወይም ተቀይሯል። የገንዘቡ ልክም እንደዚያው።

ቤቱና ወራሾቹ

ግቢው ከአራዳ ገበያ ብዙ በማይርቅ ሰፈር የሚገኝ አሮጌ ይዞታ ነው። ካርታው እስከ ዛሬ በሟች አባት ስም ነው። አባት ሲሞት ውርሱ አልተጣራም፤ እናት ስላለች ማንም «ድርሻዬን» አላለም፣ ቢልም ነውር ነበር። እናት ስታርፍ ግን የሁለት ሰው ውርስ በአንድ ጊዜ ተከፈተ።

ልጆቹ አራት ናቸው። ታላቅየው ከእናቱ ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ ትዳር መሥርቶ የኖረ፣ ሱቆቹን የሚያከራይና የዓመት ግብሩን የሚከፍል ነው። እህትየው የእናቷን የመጨረሻ ዓመታት አልጋ ሥር ተኝታ ያስታመመች ናት። ሦስተኛው ወንድም ከእናቱ በፊት በሕመም ሞቷል፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደች አንዲት ልጅ ትቷል፣ እሷም ባሕር ዳር ከእናቷ ጋር ነው ያደገችው። ታናሽየው አሜሪካ ነው።

የሕጉ ስሌት አያስቸግርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 842 ልጆች መጀመሪያ እንደሚወርሱ፣ ድርሻቸውም እኩል እንደሆነ፣ ከእነሱ የሞተ ካለ ተወላጆቹ በእሱ ቦታ እንደሚተኩ ይደነግጋል። ሴት በመሆኗ የሚቀንስባት ነገር የለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ይህንኑ አጽንቶታል። አራቱም ከሁለቱም ወላጆች የተወለዱ በመሆናቸው የአባትየው ውርስ ሳይጣራ መቆየቱም ስሌቱን አይቀይረውም፤ ለእያንዳንዱ ሩብ ይደርሰዋል።

ነገሩን ያወሳሰበው የእናትየው ቃል ነው። ከማረፏ ጥቂት ቀደም ብሎ በንስሐ አባቷና በአንዲት ጎረቤት ፊት «ቤቱን ለትልቁ ልጄ» ብላለች። ይህን ማንም አይክድም፤ እህትየው ራሷ «ብላለች፣ ሰምቻለሁ» ትላለች። በሕጉ ግን ይህ የቃል ኑዛዜ ነው። በቃል ኑዛዜ ሰው ስለ ቀብሩ ሥርዓት ማዘዝ፣ ለልጆቹ ሞግዚት መሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መተው ይችላል፤ ቤት ማውረስ አይችልም። የ1952ቱ 500 ብር ዛሬ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም፤ ቁጥሩ ግን አልተነካም። ወንድምየው ይህን ከጠበቃ ሲሰማ ያለው የብዙ ሰው ስሜት ነው፦ «የእናቴን ቃል ሕጉ ካልሰማ፣ እኔ ሕጉን ለምን እሰማለሁ?»

የመጀመሪያው ሽምግልና

ከአርባው በኋላ እህትየው «ድርሻዬን ልወቅ» ስትል ጠቡ ፈነዳ። የእድሩ ሊቀ መንበር፣ የንስሐ አባት፣ አንድ ጡረተኛ መምህርና ሁለት የቅርብ ዘመዶች ተሰበሰቡ። የተቀመጡት ታላቅ ወንድም ቤት ነው፤ ሚስቱ ቡና አፍልታ፣ ጠላ ቀድታ። ክፋት አስቦ ያደረገው ሰው የለም፤ ሰፊው ሳሎን እሱ ስለነበር ነው። እህትየው ግን ባስታመመችበት ቤት እንደ እንግዳ ተቀምጣ ስለዚያው ቤት ተከራከረች። ለሽምግልና ቦታ ሲመረጥ የማን ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

ሽማግሌዎቹ የሚችሉትን አደረጉ። ለየብቻ አናገሯቸው፣ አገናኟቸው፣ መከሯቸው። ወንድምየው ተነሥቶ የእህቱን ትከሻ ሳመ፣ እሷም አለቀሰች፣ የንስሐ አባት መረቁ። ዕርቁ የውሸት አልነበረም። ስለ ንብረቱ የተወሰነው ግን በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት፣ ሁሉም ደክሞት፣ በመሸ ሰዓት ነው። «ለአባ እምቢ አይባልም። እሺ ያልኩት ለእሳቸው እንጂ ለወንድሜ አይደለም» ብላለች እህትየው በኋላ።

አሁን ወረቀቱን በሕግ ዓይን እንየው። ከሁለት ባለጉዳዮች በቀር የፈረመ ወራሽ የለም። ታናሽየው ከአሜሪካ ደውሎ «እናንተ ካላችሁ ይሁን» ብሏል፤ ውክልና ግን አልላከም። የሟቹን ወንድም ልጅ ማንም አላነሣትም። ያኔ 17 ዓመቷ ነበር፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ወራሽ በሕግ የሚወክላት ሰው ሳይኖር ድርሻዋ ሲከፋፈል ማለት ነው። ወንድምየው «የወንድሜ ልጅ መሆኗን መቼ ካድኩ? ግን እሷ ይሄን ቤት መቼ አውቃው?» ይላል።

«ትኖርበታለች» የሚለውም ነገር ይንሳፈፋል። የራሷ ነው ማለት ነው? እስክትሞት ድረስ? ብታገባስ? ማከራየት ትችላለች? ስለ በሩ፣ ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ ውኃና መብራት ቆጣሪው አንድም ቃል የለም። ጠቡም የተመለሰው በቆጣሪው በኩል ነው። ምራትየዋ የውኃ ሒሳቡን «ግማሹን ክፈይ» አለቻት፤ እህትየው የራሷን ቆጣሪ ለማስገባት ስትሄድ ካርታ ተጠየቀች፤ ካርታው በአባት ስም፣ ወረቀቱም ባለቤት የማያደርጋት ሆኖ ተገኘ። የ20,000 ብሩ መቀጫም ለማን እንደሚከፈል አልተጻፈም።

ክሱ፣ ከዚያም ከባዱ ጥያቄ

እህትየው የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥታ የክፍፍል ክስ አቀረበች። ወንድምየው ጠበቃ ይዞ ወረቀቱን አያይዞ መልስ ሰጠ፦ ጉዳዩ በሽማግሌ አልቋል፣ በድጋሚ አይታይም።

ይህ ክርክር ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። በሕጋችን ተከራካሪዎች አንዱ ለአንዱ ለቀቅ እያለ ክርክራቸውን የሚቋጩበት ስምምነት ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3307 ጀምሮ ተደንግጓል፤ በአንቀጽ 3312 መሠረት እንዲህ ያለው ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። «የሽማግሌ ወረቀት በፍርድ ቤት ዋጋ የለውም» የሚለው የከተማው ወሬ ስለዚህ ስሕተት ነው። ዋጋ አለው፤ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ። ጥያቄው ወረቀቱ ውስጥ ስምምነት አለ ወይ ነው።

የእህትየው ወገን ሦስት ነገር አነሣ። ሽማግሌዎቹ ዳኞች ነበሩ ከተባለ፣ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ውርስን ለግልግል ዳኝነት ከማይቀርቡ ጉዳዮች ውስጥ አስገብቶታል። አስታራቂ ነበሩ ከተባለ ደግሞ የአስታራቂ ሐሳብ የሚያስረው ባለጉዳዮቹ ተስማምተው ከፈረሙ ነው፤ ከወራሾቹ ግማሹ አልፈረሙም። ሦስተኛ፣ ሕጉ ሰው መብቱን የሚተውባቸው ቃላት በጠባቡ እንዲተረጎሙ ያዛል፤ «ትኖርበታለች» የሚል ቃል «ሩብ ድርሻዬን ትቻለሁ» ተብሎ ሊነበብ አይችልም።

በጎንደር ሽምግልና ይህ መደበላለቅ የተለመደ ነው። ሽማግሌው ማለዳ አስታራቂ፣ ከሰዓት ዳኛ፣ ማምሻውን ጸሐፊ ነው፤ የትኛውን ባርኔጣ መቼ እንደሚያደርግ ማንም አይጠይቀውም። በበግ ወይም በስድብ ጉዳይ ይህ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ጥንካሬው ነው። ካርታ ባለበት ጉዳይ ግን ሰውን ማስታረቅና መብትን ማስተላለፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሽምግልና ሰዎቹን ሲያስታርቅ ቤቱን ሳይነካ ተወው።

ዳኛው በክርክሩ ላይ ብይን ከመስጠታቸው በፊት የተለመደውን ግን በቂ ትኩረት የማይሰጠውን መንገድ አነሡ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 274 ተከራካሪዎች ክሱ በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢሆን መስማማት እንደሚችሉ፣ ፍርድ ቤቱም በራሱ ተነሣሽነት ይህን ሊያመላክታቸው እንደሚችል ይፈቅዳል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባለውን አሠራር ሲዘረጉ ብዙ ተጽፏል፤ አንድ የክልል ዳኛ ግን ያንን አዋጅ ሳይጠብቁ በዚህ አሮጌ አንቀጽ ብቻ ብዙ መሥራት ይችላሉ። ዳኛው የሟቹን ወንድም ልጅ በጉዳዩ ጣልቃ እንድትገባ አደረጉ (አሁን 18 ሞልቷታል)፣ ታናሽየው ውክልና እንዲልክ ነገሯቸው፣ ረዘም ያለ ቀጠሮም ሰጡ። ውክልናው በኤምባሲ አልፎ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እስኪመጣ ከቀጠሮው ግማሹን በላው።

ሁለተኛው ሽምግልና

ከአምስቱ ሽማግሌዎች ሦስቱ ቀጠሉ። ሁለቱ ዘመዶች «ለእኛ ጎን ያዙ ይባላል» ብለው ራሳቸው ወጡ፤ የሚያስመሰግን ነው። በእነሱ ምትክ ሕንፃ ሲገምት የኖረ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስና የእናትየው የማኅበር ጓደኛ የነበሩ አንዲት እናት ገቡ። ሴት በሽማግሌነት ስትቀመጥ ማየት በከተማው ገና እንግዳ ነገር ነው፤ «እሳቸው ቡና ያፍሉልን?» ብሎ የቀለደም ነበር። እህትየው አንደበቷ የተፈታው ግን እሳቸው ከገቡ ወዲህ ነው። የማስታመሙን ነገር፣ ሌሊቱን፣ የሆስፒታሉን ምልልስ በወንዶቹ ፊት ተናግራው አታውቅም ነበር።

ቦታው የደብሩ አዳራሽ ሆነ። ጠበቆቹ ይገኛሉ፣ ግን አይናገሩም፤ ሥራቸው የተስማሙበትን መጻፍ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ተፈረመ፦ እዚህ የሚነገር ነገር ሽምግልናው ቢፈርስ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ይህች ዐረፍተ ነገር ብዙ በር ከፈተች። ወንድምየው በመልሱ ላይ አድበስብሶት የነበረውን የሱቅ ኪራይ ልክ በአፉ የተናገረው በሁለተኛው ቀን ነው። እህትየውም ሦስተኛውን ሱቅ ወንድሟ በራሱ ገንዘብ እንደሠራው፣ የቀብሩንና የተዝካሩን ወጪም እሱ እንደሸፈነ አመነች።

ለየብቻ ሲነጋገሩ የወጣው ነገር ክሱ ላይ የተጻፈውን አይመስልም። ወንድምየው የፈራው ሐራጅ ነው፤ ክፍፍል ካልተቻለ ቤቱ በጨረታ ይሸጣል፣ የሚተዳደርባቸው ሱቆችም ይሄዳሉ። እህትየው የፈለገችው የራሷ በርና የራሷ ካርታ ነው፤ «ገብቼ ስወጣ ማንም እንዳያየኝ»። ታናሽየው ገንዘብ አልፈለገም፤ የእናቱ ቤት ለባዕድ እንዳይሸጥና አገር ሲገባ የሚያርፍበት እንዲኖረው እንጂ። የሟቹ ወንድም ልጅ ትምህርቷን የምትጨርስበት ገንዘብ ጠየቀች። ሌላም አንድ ነገር፣ ጠበቃ ክስ ላይ የማይጽፈው፦ የሙት ዓመት ድግስ ላይ እንድትጠራ።

የእናትየው ቃል የተፈታበት መንገድ ከጉዳዩ ሁሉ ይበልጥብኛል። የንስሐ አባት ቃሉን ዋጋ እንደሌለው አድርጎ መጣል አልቻሉም፤ ጠበቆቹ ደግሞ ውርሱን ሊቀይር እንደማይችል ያውቃሉ። ሐሳቡ የመጣው ከጡረተኛው መምህር ነው። የእናትየው ቃል ማን ምን ያህል ያገኛል የሚለውን አይወስንም፤ ዋናውን ቤት ማን ይያዝ የሚለውን ግን ይወስን። ማለትም ቤቱ በዓይነት ለትልቁ ይሁን፣ ዋጋው በሕጉ ለአራት ይከፈል። ወንድምየው ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «ይሁን» አለ። ፍርድ ቤት ይህን ሊሰጠው አይችልም ነበር፤ የመጀመሪያው ሽምግልናም እንዲህ አልሰጠውም፤ ቤቱን ከነዋጋው ነበር የሰጠው።

መሐንዲሱ ግቢውን በ3,200,000 ብር ገመቱት። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ ቢደነግግም፣ ገበያው ቤቱን ሲያይ ቦታውንም እንደሚገምት ሁሉም ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹም የሰፈሩን ዋጋ ጠይቀው ነው የተስማሙት። ለእያንዳንዱ 800,000 ብር ይደርሳል። የጓሮው ሰርቪስ ከነቦታው 700,000 ብር ተገምቶ ለእህትየው ሆነ፣ የጎደለውን 100,000 ብር ወንድምየው ይከፍላታል፤ በጓሮ ቅያሱ በኩል የራሷን በርም በእሱ ወጪ ይከፍትላታል። ዋናው ቤትና ሱቆቹ በትልቁና በታናሹ የጋራ ባለቤትነት ይቆያሉ። ለወንድማቸው ልጅ ሲፈረም 200,000 ብር፣ ቀሪው 600,000 ብር ደግሞ በ24 ወር ይከፈላታል፤ በየወሩ 25,000 ብሩን የአንዱ ሱቅ ተከራይ በቀጥታ በባንክ ሒሳቧ ያስገባል። ሁለት ተከታታይ ወር ከተጓደለ ቀሪው ሁሉ በአንዴ ይጠየቃል፤ ክፍያው እስኪያልቅም ዋናው ቤት ያለ እሷ ፈቃድ አይሸጥም፣ በመያዣነትም አይሰጥም።

ያለፈው ኪራይና ወንድምየው ያወጣው ወጪ ሒሳብ ሳይሠራለት ተቻቻለ። በሒሳብ ዓይን እህትየው በዚህ ሳትጎዳ አትቀርም፤ ነገር ግን ምን እንደምትተው ቁጥሩን አይታ፣ የራሷን ጠበቃ አማክራ፣ አንድ ሳምንት አስባበት ነው የተወችው። ማስታመሟን በተመለከተ ሕጉ ለአስታማሚ ልጅ ተጨማሪ ድርሻ አይሰጥም። እሷም ገንዘብ አልጠየቀችም፤ እንዲጻፍላት ነው የጠየቀችው። ስምምነቱ መግቢያ ላይ እናታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመመች እሷ መሆኗን ወንድሞቿ እንደሚመሰክሩ የሚል ዐረፍተ ነገር ገባ። አንዱ ጠበቃ «ይህ ሕጋዊ ውጤት የለውም» ብሎ ሊያወጣው ነበር፤ ሽማግሌዋ አላስወጣም አሉ።

ወረቀቱ

ሁለተኛው ወረቀት ስድስት ገጽ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል ውስብስብ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ የሚጠይቀው የፍርድ ቤቱን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ የተከራካሪዎቹን ስምና አድራሻ፣ የተስማሙበትንም ነገር መግለጽ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስለሆነ በጽሑፍ መሆንና በባለጉዳዮችና በሁለት ምስክሮች መፈረም አለበት፤ ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነው ፈረሙ። ለታናሽየው ተወካዩ ፈረመ፤ ውክልናው በቤቱ ላይ ለመስማማት ሥልጣን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ተነቧል። ይህንን የማያነቡ ብዙ ናቸው፤ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ግን ለዚህ አይበቃም።

ጠበቆቹ ያሰቡበት ሌላ ነገር ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ካርታ ለሁለት የሚከፈለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቦታ በከተማው ፕላን ከተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ካላነሰ ነው። ስለዚህ ስምምነቱ ሁለት መንገድ ይዟል፤ ካርታው ከተከፈለ እህትየው የራሷን ታገኛለች፣ ካልተከፈለ በጋራ ካርታ ላይ ስሟ ከነድርሻዋ ይገባል፣ የሰርቪሱና የበሩ አጠቃቀምም በንድፍ ተለይቶ ይያያዛል። ይህ አንቀጽ ባይኖር ስምምነቱ በአንድ የመሐንዲስ ደብዳቤ ሊፈርስ ይችል ነበር።

ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን ተመልክቶ ከሕግና ከመልካም ጠባይ ጋር እንደማይቃረን ካረጋገጠ በኋላ መዘገበው፤ እንደ ስምምነቱም ትእዛዝ ሰጥቶ መዝገቡን ዘጋ። ከዚህ በኋላ የሚያፈርስ ቢኖር አዲስ ክስ አያስፈልግም፤ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል።

እስካሁን የተከፈተ የለም። አንድ ወር ተከራዩ ሱቁን ሲለቅ ክፍያው ዘግይቶ ነበር፤ ወንድምየው የሁለት ወሩን አንቀጽ ስላወቀ ከኪሱ አስገባ። እህትየው የመብራት ቆጣሪዋን አስገብታለች፣ በሩም ተከፍቷል። ካርታውን የመክፈል ጥያቄ ለማዘጋጃ ቤቱ ቀርቧል። የወንድማቸው ልጅ በሙት ዓመቱ ከባሕር ዳር መጥታ ነበር። ምራትየዋና እህትየው ግን እስከ አሁን አይነጋገሩም፤ የቆጣሪው ጊዜ የተባባሉት ነገር ስድስቱ ገጽ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ሽማግሌዎቹ ለዳግማ ትንሣኤ ቀጥረዋቸዋል።